በቀኝ ዳር የቆመው

ካሜራዬን በጋቢ ነው የለወጥኩት። አርብ ገበያ ከተማ በመምህርነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ከእኛ ጋር ያስተምር የነበረ አንድ የሒሳብ መምህር ወደ ባሕር ዳር ተዛወረና ዕቃውን እየሸጠ፣ የማይሸጠውን እየሰጠ ሰነበተ። መጨረሻ ላይ አንዲት የሩሲያ ካሜራ ቀረችው፤ የቆዳ ማኅደሯ የተላላጠ፣ ሲያነሷት እንደ ድንጋይ የምትከብድ። «ለአባቴ የሚሆን ጋቢ ስጪኝና ውሰጃት» አለኝ። እናቴ ከመካነ ኢየሱስ የላከችልኝ፣ ገና ውሃ ያልነካው ጋቢ ነበረኝ። አውጥቼ ሰጠሁት። እናቴ ይህን ስትሰማ «ብርዱን በመስተዋት ልትከላከይው ነው?» ብላ በሰው ላከችብኝ። እውነቷን ነበር፤ ያን ክረምት በነጠላ ነው ያለፍኩት። ግን ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከብርዱ ይልቅ ትዝ የሚለኝ ካሜራዋን አንግቼ መንገድ ስወጣ ሰው ሁሉ ዞር እያለ ሲያየኝ ነው።

ማንሳት የሚያስተምረኝ አልነበረም። መምህሩ ሲሄድ ያሳየኝ ፊልሙ እንዴት እንደሚገባና የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ፊልም ተማሪዎቼን አነሳሁ፤ የትምህርት ቤቱን ደወል፣ አርብ ዕለት ጨው ጭነው የመጡ አህዮችን፣ ጥላዬን ካልያዝኩ አልነሳም ያሉኝን ቄስ አነሳሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ጉጉቱን አልቻልኩትም። ጓሮ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ቁጭ አልኩና «ወጥተውልኝ ይሆን?» ብዬ የካሜራዋን ጀርባ ከፈትኩት።

የተከራየሁበት ቤት ልጅ እዚያው ጓሮ ከዛፉ ሥር ልብስ ይሰፋ ነበር። ቀና አለ።

«ምን አየሽ?» አለኝ።

«ምንም የለበትም። ግራጫ ነው።»

«እንግዲህ አልወደዱሽም ማለት ነው» አለና ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ፊልሙን እንደዚያው ጠቅልዬ በነጋዴ እጅ ደብረ ታቦር ፎቶ ቤት ላክሁት። ከወር በኋላ ጥቁር ሆኖ ተመለሰ፤ ከአንዲት ብጣሽ ወረቀት ጋር። «እህቴ፣ ፊልም ፀሐይ አይወድም» ይላል። ያን ወረቀት ለልጁ ባነበብኩለት ጊዜ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። መሳቃችንን የሰሙት እናቱ ከቤት ብቅ ብለው «ምን ተገኘ?» አሉን። ልናስረዳቸው ሞከርን፤ የባሰ አሳቀን።

ስለ እነሱ ልናገር። እናቱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከስማዳ መጥተው አርብ ገበያ ሁለት ክፍል ቤት የሠሩ ሴት ነበሩ። አንዱን ክፍል ለእኔ አከራዩኝ፣ በአንዱ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ጥጥ ይፈትላሉ። ልጁ በዕድሜ እኔን በአንድ ዓመት ቢበልጠኝ ነው። ሌላ ልጅ የላቸውም። ስማዳ የቀረችውን የአባቱን ቁራጭ መሬት ላለማጣት ስሙ የተመዘገበው እዚያ፣ ከአጎቱ ዘንድ ነበር። አርብ ገበያ ውስጥ ደግሞ ሁሉም «ሰፊው» ነው የሚለው፤ የአባቱን ስም የሚያውቅ ከእናቱና ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረም።

ፎቶ ማንሳት ያስተማረኝ እሱ ነው ብል አልዋሸሁም፤ ካሜራ ግን በእጁ ይዞ አያውቅም። ሁለተኛው ፊልም ሲመለስ ሰዎቹ ወጥተው ነበር። ሆኖም ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ዳኛ ፊት የቀረቡ ይመስላሉ። አንድ በአንድ አየና መለሰልኝ።

«እኔ ጨርቅ ስገዛ ፊት ለፊት አላየውም» አለ። «ወደ በሩ ወስጄ በጎን አዘነብለዋለሁ። ክሩ የሚታየው ያኔ ነው። አንቺ ሰውን ሁሉ ፀሐይ ፊት ትገትሪዋለሽ። ዓይኑ ይጨናበሳል፣ ፊቱ የተጠፈጠፈ ኩበት ይሆናል።»

«ታዲያ የት ላቁመው?»

«በር ላይ። ብርሃኑ በጎኑ ይግባለት።»

በማግሥቱ እናቱን ከደጃፉ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ አድርገን አስቀመጥናቸው። «ምን ልሁንላችሁ?» ሲሉ «ምንም፤ ፈትልዎን ይፍተሉ» አልኳቸው። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ግማሽ ፊታቸውን ያዘ፤ ግማሹ ጨለማ ውስጥ ቀረ። እንዝርቱን ሲለቁት ቁልፉን ተጫንኩ። ያች ፎቶ በመጣች ቀን ሦስታችንም ተጠጋግተን አየናት። ክሩ ከእጃቸው እስከ እንዝርቱ ብቻውን ያበራል። እጃቸው ላይ ያለው ደም ሥር ሳይቀር ይቆጠራል። እናቱ አስጠግተው አዩና «ይሄ እጅ የእኔ ነው? እንዲህ አርጅቻለሁ?» አሉ። ደንግጬ ይቅርታ ልል ስል፣ ፎቶዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ባላቸው ትተውላቸው ከሄዱት ዳዊት ውስጥ አስገቧት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ዓመት፣ ዛሬ ተመልሼ ሳየው፣ በሕይወቴ ደስ ብሎኝ የኖርኩበት ጊዜ ነው። ትልቅ ነገር ተደርጎ አይደለም። ፊልም ውድ ስለ ነበር በሳምንት ከሁለትና ከሦስት በላይ አላነሳም፤ ስለዚህ ከማንሳት ይልቅ ማየት ለመድኩ። ዝናብ አባርቶ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲተን አያለሁ። ምንጭ ወርደው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ሲስቁ በነጠላቸው አፋቸውን የሚይዙበትን አያለሁ። ገብስ ሲወቃ ከበሬዎቹ እግር የሚነሣው ብናኝ ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ወርቅ እንደሚመስል፣ ከዚያ ዘግየት ካሉ ደግሞ አመድ እንደሚሆን በዓይኔ ለየሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እሸት ይዘን ከከተማው ወጣ ብለን ገደሉ አፋፍ እንሄዳለን፤ እኔ፣ እሱና አንዳንዴም እናቱ። እሸቱን እየበላን «አሁን ብታነሺ ምን ታነሻለሽ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። «እኔ ብሆን ያንን ነው» ይለኛል፤ ሁልጊዜ እሱ ያየው ይሻላል።

አንድ ጊዜ ፊልሙ ካሜራዋ ውስጥ ተበጥሶ ሲቀርብኝ ከጥቁር ጨርቅ ድርብ ከረጢት ሰፋልኝ። ሁለት እጅጌ አለው፤ የእጅጌዎቹ አፍ በላስቲክ የታሰረ ነው። ካሜራዋን ከረጢቱ ውስጥ አስገብቼ፣ እጆቼን በእጅጌው ከትቼ፣ ብርሃን ሳያገኘው ፊልሙን አውጥቼ ማዳን እችላለሁ። የሱን ያህል የታሰበበት ስጦታ ሰጥቶኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ምን እንደ ነበርን እንጃ። አልተባባልንም። ለፋሲካ ቀሚስ ሊሰፋልኝ ልኬን ሲወስድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሜትሩን በእጁ ብቻ ነበር የሚያነበው። ቁጥሩን ለእናቱ ጮክ ብሎ ይነግራል፤ እሳቸው እንዳይረሱት ይደግሙታል። «ወገብ ስንት አልከኝ?» ሲሉት ድምፁ ተለወጠ። እናቱ እኔን ቀና ብለው አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር።

ካሜራዋን ባገኘሁ በሦስተኛው ዓመት ትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል ተጨመረለት። አሥራ ሰባት የከተማው ወጣቶች በልማት ሥራ እንጨት እየተሸከሙ አመጡ፣ ጣሪያውን አቆሙ። ሥራው ያለቀ ዕለት «መምህርት፣ አንሺን» አሉኝ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነበር፤ ግድግዳውን በጎን ትመታዋለች። አሥራ ሰባቱን በአንድ መስመር ግድግዳውን አስደግፌ አቆምኳቸውና ወደ ኋላ ሄጄ በካሜራዋ አየሁ። በግራ በኩል ሞልቷል፤ በቀኝ ግን አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ባዶ ቀርቶ የድንጋይ ክምር ይታያል። ቀደም ሲል ቢሆን አይታየኝም ነበር። አሁን ግን አንድ ፎቶ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ያስቸግረኛል፤ ተምሬያለሁ።

በዚያች ቅጽበት እሱ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ በመንገዱ ሲያልፍ አየሁት።

«ና እስኪ!» አልኩት። «እዚህ ዳር ቁምልኝ።»

«እኔ ምን ሠራሁ? አንድ እንጨት አልተሸከምኩም።»

«ግድ የለም፤ በቀኝ በኩል ጎደለብኝ።»

ሳቅ እያለ መጥቶ ቆመ። ከመካከላቸው አንዱ «ኧረ ጣሪያውን በመርፌ የጠቀመው እሱ ነው!» አለ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። በሳቃቸው መካከል ቁልፉን ተጫንኩ።

እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ፎቶ ነው። አሥራ ስምንት ሰው ስቆ፣ አንድም ዓይኑን የጨፈነ የለም። ደብረ ታቦር ያለው ሰውዬ ራሱ ተደንቆ ትልቅ አድርጎ አጥቦ ላከልኝ፤ የመምህራን ቢሮ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

እዚያ ነው አንድ ካድሬ ያየው። ለቅስቀሳ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚመላለስ፣ ጨዋ አነጋገር ያለው ሰው ነበር። ፎቶው ፊት ቆሞ ቆየ።

«ጓድ መምህርት፣ ይህን ያነሳሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ይህ እኮ እዚህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቀር አይደለም። ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን እናዘጋጃለን። ይህን ከመግቢያው ላይ ነው የማደርገው።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ መደበቅ አልችልም። ከመምህራኑ ማንም ሥራውን ኤግዚቢሽን ላይ አይቶ አያውቅም። «ከሥሩ የወጣቶቹ ስም ቢኖር ጥሩ ነው» አለኝ ቀጥሎ። «ማን እንደ ሠራው ሕዝቡ ይወቅ። ከጀርባው ጻፊልኝ፤ ከነአባታቸው፣ ከነሰፈራቸው።» ሰፈር ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅሁም። ከክፍል ስወጣ ተቀምጬ፣ ለተማሪ ሰርተፊኬት በምጽፍበት እጅ፣ በቀለም፣ ከግራ ወደ ቀኝ አሥራ ስምንቱንም ጻፍኩ። ስሙን የማላውቀውን ጠይቄ አሟላሁ። የመጨረሻውን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ስሙን፣ የአባቱን ስም ጻፍኩ፤ በሰፈሩ ላይ የራሴን ቤት ጻፍኩ።

ቤት ስገባ «ስምህን ኤግዚቢሽን ላይ አስገባሁልህ» አልኩት።

«እንግዲህ ደንበኛ ሊበዛልኝ ነው» አለ።

ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ነበር። ወሬውን እንሰማለን፤ የየቀበሌው ኮታ ደርሷል፣ ልጆች እየጠፉ ወደ በረሃ ይወርዳሉ ይባላል። እሱ ግን ለእናቱ አንድ ልጅ ነው፤ በአርብ ገበያ መዝገብ ላይም የለም። ስለ እሱ የተጨነቀ ሰው አልነበረም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአንድ አርብ፣ ገበያው ሞቅ ባለ ሰዓት ጡሩምባ ተነፋ። የታጠቁ ሰዎች የገበያውን መውጫ ይዘዋል። የቀበሌው ሰው ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ቆሞ ከወረቀት ስም ማንበብ ጀመረ። እኔ በርበሬ እየገዛሁ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስም ተጠራ። አራተኛው ሲጠራ በጆሮዬ ሳይሆን በእጄ አወቅሁት፤ ቅደም ተከተሉ እኔ የጻፍኩት ነው። አምስተኛው የባለወፍጮው ልጅ ነው ብዬ በሆዴ ስል የባለወፍጮው ልጅ ተጠራ። ስድስተኛውን ከሰውየው ቀድሜ አልኩት። በርበሬ ሻጯ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አለችኝ። እሱ ከገበያው ዳር በሸራ ጥላው ሥር የአንድ ገበሬ ሱሪ ይጠቅም ነበር፤ ስሙ ይጠራል ብሎ ስላልጠበቀ አላዳመጠም። ልነግረው መሮጥ ጀመርኩ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ አሥራ ስምንተኛው ተጠራ። የአባቱን ስም ሰምቶ፣ መርፌውን ሱሪው ላይ ሰክቶ፣ ማን ጠራኝ እንደሚል ሰው ቀና አለ።

በማግሥቱ ካድሬውን ፍለጋ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ ወንበር ሰጠኝ።

«ለኤግዚቢሽን ነው ብለውኝ ነበር» አልኩት።

«ይቀርባል እኮ። በዓሉ ገና ነው።»

«አንደኛው ለእናቱ አንድ ልጅ ነው። አርብ ገበያም አልተመዘገበም።»

«እናት አገርስ ስንት አላት?» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺ ግዴታሽን ተወጥተሻል፣ ጓድ መምህርት። ባትሆኚ እኮ እነዚህን ልጆች በምን እንለያቸው ነበር? ወይስ አሁን መጸጸትሽ ነው?» አለ። ጥያቄው መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አልነበረም። ፈራሁ። ተነሥቼ ወጣሁ። ዝም ብዬ መውጣቴን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መኪና እስኪመጣ ሦስት ቀን ያቆዩዋቸው እዚያው አዲሱ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ ገና መዝጊያ አልገባለትም ነበር፤ እንጨት ብቻ ተጋድሞበታል። እናቱ ጠዋትና ማታ ስንቅ ያመላልሳሉ። በሁለተኛው ቀን ጠባቂው የተማሪዬ አባት ስለ ነበር መስኮቱ ጋ እንድቆም ፈቀደልኝ።

«ስምህን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

አልገባውም። «ምን ስም?»

«በዚያ ፎቶ ጀርባ። ለኤግዚቢሽን ነው አለኝና ጻፍኩለት። ሁላችሁንም። ቤቱንም ጻፍኩ።»

መስኮቱ ላይ የተጋደመውን እንጨት ይዞ ነበር። ለቀቀው። ከኋላው ሌሎቹ ካርታ ይጫወታሉ፤ የባለወፍጮው ልጅ ሳቅ ይሰማል። ፊቱን ማየት ስላልቻልኩ እጆቹን አየሁ። ጣቶቹ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ።

«ለእናቴ ነግረሻታል?» አለ በመጨረሻ።

«አልነገርኳቸውም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ።»

«እንዳትነግሪያት! ከቤት ታስወጣሻለች። አንቺ ከወጣሽ ማን አላት? ደብዳቤ ብልክ ማን ያነብላታል?»

«ተቆጥተኸኛል?»

እንጨቱን እንደገና ያዘው። ከዚያ «እስኪ አሁን ይህን አትጠይቂኝ» አለኝ። ጠባቂው ይበቃል አለ።

መኪናው ሲነሣ እናቱ ከከተማው መውጫ ድረስ ተከትለው ሮጡ። ደግፌ መለስኳቸው። ትከሻዬ ላይ ተደግፈው እየሄዱ «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» ይሉኝ ነበር።

አራት ደብዳቤ መጣ። መሠረተ ትምህርት ነው የተማረው፤ ፊደሉ ትልልቅ ነው። እየተቀመጥን አነብላቸዋለሁ፤ ካነበብኩ በኋላ «እስኪ ከመጀመሪያው» ይሉኛል፣ እደግመዋለሁ። ስለ ጤናው፣ ስለ ምግቡ፣ የጓደኞቹን ልብስ እየጠቀመ ስም እንዳወጣ ይጽፋል። በሦስተኛው ላይ «ለመምህርት ሰላም በይልኝ። እዚህ አገር ፀሐዩ ከአናት ነው የሚመታው፤ የሰው ፊት በደንብ አይታይም» የሚል ነበረበት። አራተኛው አጭር ነው። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «መምህርት፣ ያን ቀን በመስኮት የጠየቅሽኝን ስመጣ እመልስልሻለሁ።» ሳላስበው ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ምን ጠይቀሽው ነበር?» አሉኝ እናቱ።

«ስለ ቀሚሴ ነው» አልኳቸው። «ያልጨረሰው ቀሚስ ነበረኝ።»

ፈገግ አሉ። ምን እንዳሰቡ ገብቶኛል። ያሰቡት እንዲሆን እኔም እመኝ ነበር፤ ለዚህ ነው ውሸቱ የቀለለኝ።

ከዚያ ወዲህ ምንም አልመጣም። ካሜራዋን ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። ሰዎች «አንሺን» ሲሉኝ ተበላሽታለች እላለሁ። ክፉው ድርቅ መጣ፣ ሄደ። ውሃ እቀዳላቸዋለሁ፣ ሲያማቸው አስታምማቸዋለሁ፣ ለልጃቸው በተሳሉበት ቀን አብሬያቸው ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ። «እግዜር አንድ ወስዶ አንድ ሰጠኝ» ብለው ለጎረቤት ሲናገሩ እሰማለሁ። በየዓመቱ፣ ዘንድሮ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። በየዓመቱ የልጁን «እንዳትነግሪያት» ምክንያት አደርጋለሁ። እውነቱን ለመናገር ከጊዜ በኋላ ያሳሰበኝ የሳቸው ብቻቸውን መቅረት አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

ደርግ ወደቀ። ወታደሮች በእግራቸው፣ ልብሳቸው ተበጣጥሶ፣ ውሃ እየለመኑ አለፉ። እናቱ አንድ ወር ሙሉ መንገድ ዳር ማድጋ ይዘው ተቀመጡ፤ ለሁሉም እያጠጡ ይጠይቃሉ። ከአሥራ ስምንቱ ስድስቱ ተመለሱ። የባለወፍጮው ልጅ በአንድ እግሩ ነው የመጣው። ሰፊው እንደማይመጣ የነገረን እሱ ነው፤ አብሮት ነበር። ሲናገር እኔን አላየኝም፤ ያውቅ እንደ ሆነ አላወቅሁም።

ለቅሶው ሳያልቅ እናቱ «አንድ ፎቶ አላነሳሽውም ወይ?» አሉኝ። «ለተዝካሩ ፊቱን ላውጣው።» ነበረኝ፤ የአሥራ ስምንቱ ፎቶ የታጠበበት ፊልም፣ ነጋቲቩ። ሌላውን ሁሉ አንስቼ እሱን ለብቻው አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳሁትም፤ ሁሌ ከአጠገቤ ስለ ነበር። ደብረ ታቦር ድረስ ሄጄ ከዳር ያለውን ብቻ አስቆርጬ፣ አስተልቄ አመጣሁላቸው። ሲስቅ ነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፤ ከግራው የሌላ ሰው ትከሻ ይታያል።

ያዙት። በጣታቸው ጉንጩን ነካኩት። «ከማን ጋር ነው? ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሳቀው?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ነገርኳቸው። ከድንጋይ ክምሩ ጀምሬ፣ «ና እስኪ» ካልኩበት፣ እስከ መስኮቱ ድረስ። ምንም አልቀነስኩም።

ቀና ሳይሉ ሰሙኝ። ስጨርስ «በደብዳቤው እመልስልሻለሁ ያለሽ፣ የጠየቅሽው ይህንን ነበር?» አሉ።

«አዎ።»

«ስለ ቀሚስ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ስሙን ስለ መጻፍሽስ እግዜር ይፍታሽ» አሉ። «ልጅ ነበርሽ፤ አታለሉሽ። እኔም ብሆን ልጄ ከፍ ብሎ ይታይልኝ ብዬ አጽፍ ነበር። ግን ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ ማዕድ… ደብዳቤውን ሁለት ሁለት ጊዜ ስታነቢልኝ…» አልጨረሱትም። ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

አላስወጡኝም። ምናለ ባስወጡኝ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው። እንደ ወትሮው ደኅና አደርሽ ይሉኛል፣ ሲያማቸው ውሃ ሳቀርብ ይቀበሉኛል። ነገር ግን «ልጄ» ማለት ተዉ። «መምህርት» ይሉኝ ጀመር፤ ልክ እንደ መንገደኛ። ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲህ ኖርን። ከዚያ ዝውውር ጠየቅሁ፤ ንፋስ መውጫ አገኘሁ።

ካሜራዋን እንደገና ያወጣኋት እዚያ ነው። ንፋስ መውጫ ጭጋግ አገር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ባሕር ዛፎቹ ከወገብ በላይ ብቻ ይታያሉ። ብዙ ጊዜ ዛፍና ደጃፍ፣ የተሰጣ ልብስና ባዶ መንገድ ነበር የማነሳው። ቀስ በቀስ ሰው ጨመርኩ። ሥራዬን ያዩ ሰዎች ጥሩ ዓይን አለሽ ይሉኛል። አመሰግናለሁ እላለሁ። ከማን እንደ ተማርኩት ግን ለማንም አልተናገርኩም።

የእናቱን ማረፍ የሰማሁት ከአርብ ገበያ ከመጣ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። በማግሥቱ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ። የስማዳ ዘመዶቻቸው መጥተዋል፤ አንዳቸውም አያውቁኝም። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ንፍሮ በእፍኜ እያስያዙኝ ቀረብ አሉና «አንቺስ ልጄ፣ ምናቸው ነሽ?» አሉኝ።

«ተከራያቸው ነበርኩ» አልኳቸው።